ዝም ያሰኘኋትን መኪናዬን መልሶ ላስጮኸልኝ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የአውራጃችን የመንገዶችና የተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ሉኮንጎ ከተማ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ከዚህ በፊት የላክሁልዎትን ሦስት ደብዳቤዎች በፍጹም ዝምታ ስላስተናገዱልኝ፣ ጆሮዎን አሞዎት ይሆን፣ ዓይንዎም ላይ ችግር ደርሶ ይሆን እያልኩ ከልብ ስሰጋ ሰንብቻለሁ። ይህን አራተኛውን በጋዜጣ ማውጣቴም ምናልባት ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎት ይሆናል በሚል ቅን ሐሳብ እንጂ፣ የእርስዎን ስም በአደባባይ ለማንሳት ደፍሬ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስሜ ኤሊሻ ማኮካ ይባላል። በሉኮንጎ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝሙር ስላስተማርኩ የገበያው ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ መምህር ለማለት «ምዋሊሙ» ይለኛል። ባለቤቴ ናንጃላ በዚያው ገበያ ደረቅ ዓሣ ትሸጥ ነበር፤ ስትጣራ ድምፅዋ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ ይሰማ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ የወጣውን እንቅርት በቀዶ ሕክምና አወጡላት። እንቅርቱ ሄደ፣ ድምፅዋም አብሮት ሄደ። ሐኪሞቹ ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ስለነገሩን የምወቅሰው ሰው የለኝም። የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው። በየሐሙሱ ለድምፅ ልምምድ ወደ ኤልዶሬት ከተማ እወስዳታለሁ፤ መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት። ቤታችን ውስጥ ሰባት የልጅ ልጆች፣ የማይጠፋ ቴሌቪዥንና ግድግዳ የሚያዋስነን የጎረቤት ወፍጮ ስላሉ፣ እኔና እሷ ብቻችንን የምንነጋገርበት ቦታ ቢኖር መኪናችን ነው። መኪናዋ ከጃፓን አርጅታ መጥታ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በተራዋ ያረጀች ናት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት ጽሕፈት ቤትዎ ከሉኮንጎ እስከ ዋናው አውራ ጎዳና ያለውን መንገድ ስላደሰልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሠራተኞችዎ በአሮጌው አስፋልት ላይ ሬንጅ አፈሰሱበት፣ በሬንጁ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር በተኑበት፣ መዳመጫ ማሽኑ ግን ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተብሎ በሁለተኛው ቀን ሄደ። ከዚያም እንዳንፈጥን በማሰብ በስድሳ አንድ ቦታ የተደረደሩ ጉብታዎች ሠሩልን። ስድሳ አንድ መሆናቸውን የማውቀው ቆጥሬያቸው ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ምንም ነገር መስማት ስለማይቻል ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። መኪናችን ውስጥ ሆኖ መጓዝ ጠጠር የሞላበት በርሜል ውስጥ ተቀምጦ ቁልቁል እንደመንከባለል ነው።

አንድ ሐሙስ ናንጃላ ወደ እኔ ዞር ብላ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያለችውን አልሰማሁም። ድገሚልኝ ብዬ ጉሮሮዋን ከማደክመው ብዬ ፈገግ አልኩና ራሴን ነቀነቅኩላት፤ «አዎ እንጂ፣ ምን ጥርጥር አለው» አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ኤልዶሬት እስክንደርስም አልተመለሰችም። ሕክምናው ቦታ ተራችንን ስንጠብቅ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ። ለካ የጠየቀችኝ «እኔ ብሞት ሌላ ሚስት ታገባለህ?» ብላ ነው።

ማስተባበያዬን በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩላት። አነበበችው፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ በመመለሻችንም ምንም አላለችኝም። ወይም ብላኛለች፣ አልሰማኋትም። በአርባ ዓመት ትዳራችን እኔና እሷን ለማቀያየም ብዙ ዘመድ ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር፤ ለክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት አንድ መኪና ጠጠር በቃው።

ሁለተኛ። ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ በስተርጅናዬ ሌላ ሙያ እንድማር ምክንያት ሆነውኛልና። ኤልዶሬት ያሉ ባለ ሱቆች የመኪናዬን ውስጥ ድምፅ እንዳያስገባ አድርጎ ለማልበስ የጠየቁኝ ዋጋ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ይበልጥ ስለነበር፣ በራሴ ዘዴ የካርቶን እንቁላል መያዣ ሰብስቤ ጣሪያዋ ላይና በሮቿ ላይ በማስቲሽ መለጠፍ ጀመርኩ። ገበያው አጠገብ ሶፋ የምታለብሰው ኬሩቦ የተባለች ሴት በዚያ ስታልፍ አየችኝ።

«ምዋሊሙ፣ ዶሮ ሊያረቡባት ነው?» አለችኝ።

«ድምፅ እንዲይዝልኝ ነው» አልኳት።

«እሱ የሚይዘው እንቁላል ነው። ይልቅ በሩን በጣትዎ መታ ያድርጉት።»

መታሁት። እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ።

«አዩ፣ የሚጮኸው ላሜራው ነው። ከባድ ነገር ሲለጠፍበት ዝም ይላል። ከዚያ ለስላሳ ነገር ያለብሱታል፣ ከዚያ አየር የሚገባበትን ይዘጉታል። ለመዝሙር ቅደም ተከተል አለው አይደል፣ ለዚህም አለው» አለችኝ።

ወንበሮቹን ፈታን፣ ምንጣፉን ገለጥን። የልጆችን ስህተት በጆሮዬ ሳርም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ላሜራውን በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ የሚጮኸውን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት፤ የኋለኛው ጎማ የሚያርፍበት ፓራፋንጎ ከሁሉ የባሰ ነበር። የሚያፈስ ጣሪያ ለመድፈን የሚሸጠውን ባለ ሬንጅ ጥቅል ገዝተን፣ ላሜራውን ጠርገንና አድርቀን፣ በፀሐይ እያሞቅን ለጠፍን። እኔ ሁሉን ልሸፍን ስል ኬሩቦ «ለምን ያባክናሉ? መሐሉን ከያዙት ዳሩ አብሮ ዝም ይላል» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። በላዩ ላይ አንድ የተዘጋ ሆቴል ሲፈርስ የተጣለውን ወፍራም የምንጣፍ ሥር ሱፍ አነጠፍን። በበሮቹ ዙሪያ ከተበላሹ ማቀዝቀዣዎች የተላጠ ላስቲክ አዞርንበት። በየበሩ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ልደፍን ስነሳ ግን እጄን ያዘችኝ። «እነሱን አይንኩ፣ የዝናቡ ውሃ በየት ይወጣል? በሩን ያበሰብሱታል» አለች። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀብን፣ ጣቶቼም እስከ ዛሬ ሬንጅ ይሸታሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተነሳን። ስምንተኛውን ጉብታ እንዳለፍን «ዝንብ ገብታለች» የሚል ቃል ሰማሁ። ፍሬን ያዝኩ።

ናንጃላ ደንግጣ «ምን ሆንክ?» አለች። ያንንም ሰማሁት። መኪናዋን ዳር ላይ አቆምኳት።

«ለአንዲት ዝንብ ብለህ ነው የቆምከው?»

«አላገባም» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ አየር ብቻ ነው፣ እሱም ተሰማኝ።

ዘጠኝ ሐሙሶች እንዲህ ሆነን ሄድን። ዓሣ ሻጮቹ ስለማን ምን እንደሚያሙ ነገረችኝ፤ ክቡርነትዎም ይነሳሉ፣ ዝርዝሩን ግን ጋዜጣው አያወጣውም። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ስሜን ከጓሮ ጮክ ብላ እንደጠራችኝም ነገረችኝ። ምናልባት የመጨረሻ ይሆናል ብላ ነበር የጠራችኝ፤ እኔ ግን «መጣሁ፣ መጣሁ» እያልኩ ከጎረቤት ጋር ወሬዬን ቀጠልኩ። ይህን ለሁለት ዓመት ይዛው ኖራለች። የሰማሁት እዚያች መኪና ውስጥ፣ የእርስዎ ጠጠር ከበታቻችን እያጉረመረመ ነው።

ሦስተኛ። የዓመቱ ምርመራ ደረሰና መኪናችንን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ወሰድናት። መርማሪዎ ሚስተር ሙሩንጋ ፍሬኑን አየ፣ መብራቱን አየ፣ ጎማውን አየ፤ ሁሉንም አለፍን። ሊሄድ ሲል በሩን በእጁ መታ አደረገና ቆመ። ደግሞ መታው።

«ምዜ፣ ይህ በር ለምን አይጮህም?» አለኝ፣ ሽበቴን አክብሮ።

«መጮህ አለበት እንዴ?» አልኩት።

«ዝም የሚል በር ውስጥ ዕቃ አለ። ድንበሩ እዚህ ነው፤ እኔ ከበር ውስጥ ስኳርም ሲጋራም አውጥቼ አውቃለሁ።»

«ውስጡ ያለው ሬንጅና ሱፍ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለኝ። ሬንጅና ሱፍ ነው ብለው የመለሱ ሰዎች እስከ ዛሬ ስንት እንደሆኑ ጽሕፈት ቤትዎ ከመዝገቡ አይቶ ቢያሳውቀኝ ደስታዬ ወደር የለውም።

ሁለት ሠራተኞች ካቻቪቴና ቢላዋ ይዘው ገቡባት። እኔን ሰነድ አምጣ ብለው ወደ ውስጥ ላኩኝ። ናንጃላ ጎማ በሚነፋው ማሽን አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማሽኑም ይጮህ ነበር። በመስኮት ሳይ ተነስታ ወደ መርማሪው ሄደች፣ አንድ ነገር አለችው። «ማማ፣ ጮክ ብለው ይናገሩ፣ አይሰማኝም» አላት። ደገመችለት። «ጮክ ብለው!» አላት፣ በትሕትና ነው። ሦስተኛ ጊዜ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ተናገረችው። ራሱን ነቀነቀላትና፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት፣ ፈገግ ብሎላት ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ስደርስ ሬንጁ ከላሜራው በቢላዋ ተፍቆ፣ ሱፉ መሬት ላይ ተከምሮ፣ የማቀዝቀዣው ላስቲክ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ነበር። ምን እንዳለችው ቤት ስንደርስ ጠየቅኋት። «እኔን ለመስማት ብሎ ነው የሠራው» ብላው ነበር፤ ሦስት ጊዜ።

የተሰጠኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የተደበቀ ዕቃ አልተገኘም። ተሽከርካሪው ያለ ፈቃድ ድምፅ እንዳያሰማ ሆኖ ስለተለወጠ ወደ ቀድሞው ሁኔታ እስኪመለስ ድረስ አላለፈም።» በማኅተም የተረጋገጠ እንዲህ ያለ የሙያ ምስክር ወረቀት በሠላሳ አንድ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ አግኝቼ ስለማላውቅ ሳሎናችን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ።

አራተኛ። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ የለም። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ ጠይቄያታለሁ፤ «ቅጹ ሲመጣ ይምጡ» ብላኛለች።

በዚህ መካከል አራት ሐሙሶች በአውቶቡስ ሄድን፤ ሙዚቃው ከጣሪያው እስከ ወለሉ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔና ባለቤቴ እንደ ሁለት እንግዳ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን። ኬሩቦ የሆነውን ስትሰማ ራሷ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሄዳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስትመለስ «የተለጠፈ ነገር ይከለከላል ነው የሚለው፤ ስለተዘረጋ ነገር አንድ ቃል የለበትም» አለችኝ። ያንኑ ሱፍ አራግፋ፣ ከሥሩ ከከባድ መኪና የወለቀ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አድርጋ፣ ለወለሉና ለፓራፋንጎው የሚዘረጋ፣ ለበሮቹም በቁልፍ የሚያያዝ ልባስ ሰፋችልን። ለምርመራ ስንሄድ ሁሉንም አውጥተን አግዳሚው ላይ ደረደርነው። ሚስተር ሙሩንጋ በሩን መታ፤ በሩ ጮኸ፤ ሚስተር ሙሩንጋ ደስ አለው፤ ማኅተሙን መታልን። ምንጣፎቹን ስንመልስ ጎንበስ ብሎ ከባዱን አንዱን ራሱ ተሸክሞ አገባልን። ስለዚህ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልከሰውም። በር እንዲጮህ ያዘዘው እሱ አይደለም።

አሁን መኪናዋ የድሮውን ያህል ዝም አትልም፤ ግማሹን ዝም ትላለች ብል ይቀርባል። በአርባ ፍጥነት ከነዳሁ ናንጃላን እሰማታለሁ፣ ከዚያ ካለፍኩ አልሰማትም። ስለዚህ በአርባ እነዳለሁ፤ የጭነት መኪኖች ከኋላዬ ጡሩንባ ይነፋሉ፣ ጉዞውም ሦስት ሰዓት ሆኗል። ባለፈው ወር ሐኪሟ ድምፅዋ ከዚህ በላይ እንደማይመለስ ነገራት። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ጠጠሩ መንገድ ጋ እንደደረስን «ቀስ በል፣ የምነግርህ ብዙ ነው» አለችኝ።

ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሐሙሶች በአንዱ መጥተው ከእኛ ጋር እስከ ኤልዶሬት ይጓዙ። በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚና ሻይ እንይዛለን፣ የኋላውን ወንበር እንለቅልዎታለን። ባለቤቴ የምትነግርዎትን አዘጋጅታለች፤ ጮክ ብላ ልትናገር አትችልም፣ ስለዚህ ጎንበስ ብለው ማዳመጥ ይኖርብዎታል። ለመልመድ ጊዜ የሚፈልግ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው።

ዘመንዎ ይባረክ፣ ወንበርዎ ይጽና፣ ከደብዳቤ ብዛትም ይሰውርዎ እያልኩ፣ ስድሳ አንዱንም ጉብታዎች በምስጋና የምሻገር፣ የሰጡኝን ወረቀት በየቀኑ የማነበው፣ ታዛዥ ግብር ከፋይዎ፣

ኤሊሻ ማኮካ
ጡረተኛ የመዝሙር መምህር፣ ሉኮንጎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ኬሩቦ እንደነገረችኝ፣ ባለፈው ሰኞ ሾፌርዎ የክቡርነትዎን አዲስ መኪና ይዞላት መጥቶ፣ የመንገዱ ጩኸት እየረበሸዎት ስለሆነ ውስጧን አልብሺ ብሏታል። ሬንጁን ለጥፋለች፣ ሱፉን አንጥፋለች፣ ሥራውም አምሮላታል። እንኳን ደስ አለዎት፤ ከእንግዲህ በሠሩት መንገድ ላይ ሲሄዱ የሠሩትን አይሰሙትም።