የረግረጉ ደብተር ኅዳግ

ኦገስት 3፣ 2006፤ ከቀኑ 9 ሰ.፤ ሴንት አልባንስ፣ ሜልበርን

ማስታወሻዬ፣ በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ጁላይ 2፦ ከረግረግ የሚወጣውን ሚቴን የተባለ ጋዝ ለመለካት ወደ ሰሜን ፊንላንድ በረርሁ።
ጁላይ 12፦ አባባ ደሴ ላይ ዐረፈ። አልተነገረኝም።
ጁላይ 14፦ ወደ ቤት ደወልሁ። እህቴ ዘሃራ፣ አባባ ተኝቷል አለች።
ጁላይ 29፦ ልኬቱ ተጠናቀቀ።
ኦገስት 1፦ ሜልበርን ገባሁ።
ዛሬ፦ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ሰይድ፣ የአባባ የልጅነት ጓደኛ። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ። ሌሎች ሦስት ሰዎች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ።

ኦገስት 4

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጋ/ሰይድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያውቁ ነበር። ለምን ደበቁኝ? «ባዳ አገር፣ ብቻሽን፣ በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ ልጄ? ሥራሽን ጨርሰሽ ከሰው መሐል ስትሆኚ ብለን ነው።»

ከአጠገባቸው ተነሣሁ። እትዬ ከድጃ አንድ ጉርሻ ብቻ ብለው ለመኑኝ። ፊቴን አዞርሁ። አታለውኛል፤ ሁሉም።

የምርምራችን ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ደወለ። ናሙናው ይቆያል፣ ዕረፍት ውሰጂ አለ።

ኦገስት 6፤ ረፋድ

ዕረፍቱን አልቻልሁትም። የመስኩን ደብተር ገለጥሁ።

አሠራራችን ይህ ነው፦ ረግረጉ ላይ ሳጥን መድፋት፤ በየአሥር ደቂቃው ከውስጡ አየር በመርፌ መቅዳት። መራመድ በሳንቃ ላይ ብቻ፤ እግር ጭቃውን ከነካ አረፋ ይወጣል፣ ልኬቱ ይበላሻል። ያልተለመደ ቁጥር ከታየ ኅዳጉ ላይ «ይረጋገጥ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወዲያው ይደገማል።

አባባ ይስቅብኝ ነበር። «ጭቃ ሲያገሳ ለማዳመጥ ነው ይህን ሁሉ የተማርሽው?»

የጁላይ 14 ገጽ። ሦስተኛው ሳጥን፣ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። «ይረጋገጥ።» ተደግሟል፤ ትክክል ነው።

ከሥሩ በእርሳስ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፦ «አባባ በቀትር ተኝቷል? በቀን ተኝቶ አያውቅም። ይረጋገጥ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ከሰዓት በኋላ

ጋ/ሰይድን ይቅርታ ለመጠየቅ ወሰንሁ። ደብተሩን ግን አላሳያቸውም።

ፊንላንድ ሳለሁ ስልኩ ከማደሪያዬ ሃያ እርምጃ ነበር። ከጁላይ 14 በኋላ ዐሥራ አምስት ቀን እዚያው ቆይቻለሁ። አጥብቄ ብጠይቅ ዘሃራ መዋሸት አትችልም፤ ይህን ዐውቅ ነበር። ልኬቱም እንደሚቋረጥ ዐውቅ ነበር።

ሦስተኛውን ሳጥን ደግሜ ለካሁ። ዘሃራን ደግሜ አልጠየቅሁም።