ልጄ ከራሱ መልቀቂያ እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ፕሬዝዳንታችን፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? ጤናዎስ እንዴት ነው? እኛ ደባርቆች ከውርጩና ከጉሙ በቀር ደህና ነን፤ እሱም ቢሆን ከእርስዎ በፊት የነበረ ስለሆነ በእርስዎ አናመካኝም። የላይኛው ጌታ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ ጆሮዎንም ይክፈተው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ይርገዱ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ ባሌን የቀበርሁ፣ አንድ ልጅ ያለኝ ሴት ነኝ። በጣቴ ያላለፈ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» የለም፤ በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ጉድለት ቢገኝበት ይቅር ይበሉኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፈውም ክቡርነትዎ ፖስታ በመቅደድ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አምና በመስቀል ማግሥት በቴሌቪዥን ቀርበው «በአገራችን ሥራ አጥ የሚባል ሰው የለም፤ ያለው ራሱን ገና ያልቀጠረ ሰው ነው» ብለው ራስ-ቀጠርነት የተባለውን ርዕዮተ ዓለምዎን ሲያበስሩን፣ እኔ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምሁ ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት ቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ልጄ ማንያዘዋል ጀርባዬን መትቶ አተረፈኝ። ልጄ ያን ጊዜ ቤት ነበር። ሁልጊዜም ቤት ነበር። በውኃ ምህንድስና ተመርቆ ከመጣ ወዲህ ከቦኖ ውኃ ይቀዳልኝ ስለነበር ግን ትምህርቱ ጨርሶ ባክኗል ለማለት አልደፍርም።

ብዙም ሳይቆይ የከተማችን ወጣቶች በአዳራሽ ተሰብስበው፣ ስለ አመለካከት ለውጥ ሠልጥነው፣ የታሸገ ውኃና ብስኩት ታድሏቸው፣ በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ራሱን ቀጠረ። በቅጥር ውሉ ላይ በአሠሪው ቦታም በሠራተኛው ቦታም የሚፈርመው ያው አንዱ ልጅ ነው። የሥራ መደቡን መምረጥ ነፃ ስለነበር ሁሉም ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ባጅም በየአንገቱ ተንጠለጠለለት። ደመወዝን በተመለከተ ሠራተኛው ከአሠሪው፣ አሠሪውም ከሠራተኛው ይጠባበቃሉ። ማንያዘዋል ባጁን አንጠልጥሎ ሲገባ እልል አልሁ፤ እናት ነኝና። ከዚያ ጀሪካኑን ሰጥቼ ቦኖ ላክሁት።

ቅሬታ ማቅረብ ክቡርነትዎን መዳፈር ስለሚሆንብኝ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ በምስጋና መልክ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ቦርዱ እናመሰግናለን። በቀበሌያችን መግቢያ ላይ «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ የሆነ ቀበሌ» የሚል የቆየ ቦርድ ነበር። ለአዲስ ቦርድ በጀት ስላልነበረ በዚያው ላይ ቀለም ተቀብቶ «ከሥራ አጥ ነፃ የሆነ ቀበሌ» ተብሎ ተጻፈበት። ቀለሙ ስስ ኖሮ የክረምቱ ዝናብ ሲያጥበው አሮጌው ጽሑፍ ከሥር ብቅ አለና፣ ዛሬ ከጎንደር በዳባት በኩል የሚመጣ መንገደኛ ከሁለቱ የትኛውን እንደተውን ለመረዳት ቆም ብሎ ያነባል። የአፈጻጸም ሪፖርቱ ደግሞ ዕቅዱ መቶ አራት በመቶ መሳካቱን ይገልጻል። ትርፉ አራት ከየት እንደመጣ ስንመራመር ከርመን፣ ሳንቃ በር በተባለው ተራራችን ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ሣር የሚነጩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሳይመዘገቡ አልቀሩም ከሚል ስምምነት ደርሰናል። እኛ አልተከፋንም፤ እነሱ ቢያንስ ሠርተው ይበላሉ።

፪ኛ. ስላወያዩን እናመሰግናለን። ከርዕዮተ ዓለምዎ በፊት የምንጣላው በወሰንና በፍየል ነበር፤ አሁን እንደ ሊቃውንት በፍልስፍና እንጣላለን። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ አቶ ቻላቸው የእህል ነጋዴ ነው፤ ፎቶግራፍዎን ከሚዛኑ በላይ ሰቅሎታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድርተኛው በኪዳነምሕረት ደጅ ሲሰበሰብ ተነሥቶ «ወጣቱ ጡት ይጣል እንጂ! መንግሥት ስንቱን ቀጥሮ ይዘልቀዋል?» ይላል። የዕድሩ ዳኛ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው «ጡቱን መቼ አየውና ነው የሚጥለው፣ አያ ቻላቸው?» ይሉታል። እውነት ለመናገር የአቶ ቻላቸው ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ መንግሥት ሁሉን ቀጥሮ እንደማይዘልቀው እኔም ከመዝገብ ቤት ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ነገር ግን «ልቀጥራችሁ አልችልም» ማለትና «ተቀጥራችኋል» ማለት ለእኔ ለታይፒስቷ እንኳ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አበልጆች ነበሩ፤ አሁን አንዱ በላይ በር ሲገባ ሌላው በታች በር ይወጣል።

፫ኛ. ስለ መልቀቂያው በእጅጉ እናመሰግናለን። ከሳንቃ በር ወዲያ ያለውን የእግር መንገድ የሚጠግን አንድ ፕሮጀክት መጥቶ፣ ድንጋይ የሚሸከምና ውኃ መውረጃ የሚቀድድ የአካባቢ ወጣት ፈለገ። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ሥራ አጥ መሆን። ልጄ ሮጠ። ውኃ ነው፣ ትምህርቱ ነው፤ ለእኔም ቅርቤ ነው። መዝጋቢዎቹ ስሙን ከመዝገብ ሲያዩት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አገኙት፤ ተነሥተው በክብር ካስቀመጡት በኋላ ከአሠሪው መልቀቂያ እንዲያመጣ ነገሩት።

መልቀቂያውን ለራሱ ጻፈ። ሠራተኛው ታማኝና ታታሪ እንደነበር፣ የድርጅቱም ንብረት በእጁ እንደሌለ የመታሁለት እኔ ነኝ። የአሠሪውና የሠራተኛው ፊርማ አንድ ስለሆነ ያጠራጥራል ተብሎ ተመለሰ። በግራ እጁ ፈረመና ወሰደ፤ በቅጥር ውሉ ላይ ካለው የአሠሪ ፊርማ ጋር አይመሳሰልም ተብሎ ተመለሰ። ቀበሌያችን ከመዝገቡ እንዲፍቀው ለመንሁ፤ አንድ ሥራ አጥ ከተገኘ ቦርዱ ሊነቀል ስለሆነ እንደማይቻል በትሕትና አስረዱኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። በመጨረሻ፣ መንገዳቸው በጎርፍ ተቆርጦ ሥልጠናው ያልደረሳቸው የጎረቤታችን የጃናሞራ ወረዳ ልጆች፣ ሥራ አጥነታቸው ስላልተነካ ተቀጠሩ። እግዜር ይስጣቸው፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው።

፬ኛ. ስለ ጉድጓዱ። በዕድራችን ደንብ ሥራ ያለው ሰው መዋጮ ይከፍላል፤ ሥራ የሌለው ወጣት ደግሞ በመዋጮው ፈንታ ድንኳን ይተክላል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ መቃብር ይቆፍራል። በዚህ ምክንያት ሳይቀበር የቀረ ሬሳ፣ በድህነቱም ያፈረ ልጅ በእኛ ዘንድ አልነበረም። የባሌንም ጉድጓድ የቆፈሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ዘንድሮ በጥር እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ዐረፉ፤ የአቶ ቻላቸው አክስት ናቸው። ጥሩምባው ተነፋ፣ ሕዝቡ ወጣ፣ ወጣቶቹም ባጃቸውን እንዳንጠለጠሉ መጥተው ቆሙ። ቆፍሩ ሲባሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ በደንቡ እንደማይቆፍር አስታወሱ፤ እንግዲያው ክፈሉ ሲባሉ አሠሪያቸው እንዳልከፈላቸው አመለከቱ። መሪጌታ ደንቡን ለዛሬ እንተወው ቢሉ አቶ ቻላቸው ላመነበት ነገር ወደ ኋላ የማይል ሰው ነውና፣ አክስቱ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ሳለ «ሥራ አስኪያጅ ዶማ ከያዘ ቦርዱ ምን ሊባል ነው?» ብሎ ተከራከረ። መሪጌታ በቁጣ «እንግዲያስ ቦርዱ ይቅበራታ!» አሉ። ፍትሐቱ አለቀ፣ ጉሙ ወረደ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። ሽማግሎቹ ዶማውን አንሥተው ሁለት ሦስቴ ከመቱ በኋላ ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ማንያዘዋል ባጁን ከአንገቱ አውልቆ በደጀ ሰላሙ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ዶማውን ተቀበላቸው። ሌሎቹም እየተከተሉ አወለቁ። ጥዱ የባጅ ዛፍ መሰለ። አፈሩን ሲመልሱ አቶ ቻላቸው ኮቱን ጥሎ አካፋ ያዘና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ፤ ለእሳቸው ይሁን ለእኛ እንጃ።

፭ኛ. ስለ ሹመቱ። ያ ውርደት እንዳይደገም ዕድሩ ተሰብስቦ፣ የቀበሌውን ስኬት ሳይነካ አንድ ሰው ብቻ በይፋ ሥራ አጥ እንዲሆን ወሰነ። መደቡ «የዕድሩ ቋሚ ሥራ አጥ» ተባለ። የከተማው ሥራ አስኪያጆች ተሽቀዳደሙ፤ ልጄ ግን በልምድ በለጣቸው። የሹመት ደብዳቤው ከተነበበ፣ ጭብጨባውም ካበቃ በኋላ አንድ ደንብ አዋቂ ተነሥቶ፣ ልጁ አሁን ቋሚ መደብ ስላገኘ ሠራተኛ መሆኑን፣ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ መክፈል እንጂ መቆፈር እንደማይችል አመለከተ። ነገሩ እውነት ሆነ። ሹመቱ እዚያው ተሻረ። ክቡር ሆይ፣ በአገሩ ላይ ሥራ አጥነቱን እንኳ የተነጠቀ ልጅ ካለ የእኔው ነው።

እስከዚህ ስቀልድ መጣሁ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው አልቀለድ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ልጄ ወደ መተማ በሚወርድ አይሱዙ ተሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በረሃ ነው፤ ከበረሃው ወዲያ ያለውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ብለምነው፣ እግሩ ላይ ብወድቅ «እማ፣ ሥራ አለህ እየተባልሁ ሥራ ከምፈታ፣ ሥራ የለህም ወደሚሉኝ አገር ልሂድ» አለኝ። ከመሄዱ በፊት ጀሪካኖቹን፣ በርሜሉን፣ ድስቱን፣ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ውኃ ሞልቶልኛል። ያን ውኃ እስካሁን አልነካሁትም። ከጎረቤት እየተበደርሁ እጠጣለሁ።

በየኬላው ፈልገው እንዲመልሱልኝ ለማመልከት ቀበሌ ሄጄ ነበር። ጉዳዩን የተቀበለኝ ወጣት መዝገቡን ገልጦ ካየ በኋላ፣ ሥራ ያለው ሰው ከከተማ ሲወጣ ስደት ሳይሆን የመስክ ሥራ እንደሚባል፣ መቼ እንደሚመለስም መጠየቅ ያለበት አሠሪው እንደሆነ አስረዳኝ። የእሱም ባጅ አንገቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ልጄ በመንግሥት መዝገብ ዘንድ የመስክ ሥራ ላይ ነው። አሠሪው ደግሞ አብሮት ሄዷል።

ስለሆነም ክቡር ሆይ፣ የራስ-ቀጠርነት አባት እንደመሆንዎ መጠን የቀጣሪዎች ሁሉ ቀጣሪ እርስዎ ነዎትና፣ በአሠሪው ስም ገብተው መልቀቂያውን እንዲፈርሙልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ጽሑፉን እኔ መትቼ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከእርስዎ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። ሥራ ይስጡት አላልሁም፤ ሥራ አጥነቱን ይመልሱለት። ሥራ የለህም የሚለው አገር እዚሁ ደባርቅ እንደሆነ ከሰማ ምናልባት ይመለሳል።

በርዕዮተ ዓለምዎ ጥላ ሥር ሆና ብርዱ ያልለቀቃት፣ ለደግነትዎ ቃል ያጠራት፣ የክቡርነትዎን መልስ በደጇ ቆማ የምትጠባበቅ፣

ይርገዱ ቢራራ
ከደባርቅ

ግልባጭ፦
ለአቶ ማንያዘዋል፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ በመስክ ሥራ ባሉበት።
ለአቶ ማንያዘዋል፣ ሠራተኛ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ባሉበት።

ማስታወሻ፦ ሥልጣን ያልፋልና፣ ከመንበርዎ የሚወርዱበት ቀን ሲመጣ ሥራ እፈታለሁ ብለው እንዳይሰጉ፤ ራስዎን ይቀጥራሉ። ካልሆነም የዕድራችን ቋሚ ሥራ አጥ መደብ ክፍት ነው፤ ዶማውም ልጄ ካቆመበት ከበሩ ጀርባ አለ። የእኔ ዕድሜ ገፍቷል፤ ጥሩምባው ለእኔ የተነፋ ዕለት ማን እንደሚቆፍርልኝ አላውቅም። የሆነ ሆኖ ሳልመርቅዎ ደብዳቤ መዝጋት በእኛ አገር ነውር ነው። እኔን ያሳጡኝን እርስዎን አያሳጣዎ፤ ቀባሪ አያሳጣዎ፣ ክቡር ሆይ።