ያላየኸውን አትቁረጥ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሂባቅ ዮኒስ፣ ጅቡቲ።

ብዕሩን የያዘው ጎረቤታችን ሣህሉ ነው። ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው፤ ከራሱ እንዳይጨምርበት አስምዬዋለሁ። ሰላምታዬ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ያህል ይሁን።

በስልክ ያልነገርኩሽ «ካሜራ ክፈት» ስለምትይ ነው። እኔ ካሜራ ጠግቤያለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

እናትሽ ሃሊሞ «አባትሽን ዘረገፉት» ብላሻለች አሉ። አንቺም ይህን ሰምተሽ፣ የራስሽን የሐሞት ጠጠር ለማስወጣት የያዝሽውን ቀጠሮ ሰረዝሽ። አቦ! ከልብስ ስፌት መቀሴ ሥር አድገሽ መቀስ ፈራሽ? እንግዲህ ነገሩን ከባለቤቱ ስሚ።

ዶክተር ሉብና አስቀድማ ነግራኛለች። «አባባ ዮኒስ፣ አራት ትንንሽ ቀዳዳ እንበሳለን። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተን የሐሞት ከረጢትዎን ከነጠጠሩ እናወጣዋለን። ካልሆነልን ግን ሆድዎን እንከፍታለን» አለችኝ። እኔ የሰማሁት እስከ አራቱ ቀዳዳ ድረስ ነው። ታይዋን ገበያ ወርጄ «የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቀዳዳ!» እያልኩ ስፎክር ዋልኩ። ለእሷም «ሰፋ አድርገሽ ብትቀድጂኝ ሰላም አልልሽም» አልኳት። ሳቀች።

ከማደንዘዣው ስነቃ ሆዴን ዳበስኩ። በቀኝ ጎድኔ ሥር ስንዝር የሚያህል ፋሻ! ዶክተሯ ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«አባባ፣ አኮረፉኝ እንዴ?»

«አኩርፌሻለሁ።»

«ከረጢቱ ከጉበትዎ ጋር ተጣብቆ ነበር። በካሜራው የቱ የሐሞቱ ቱቦ፣ የቱ የጉበቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ያላየሁትን ከምቆርጥ ከፍቼ ማየት መረጥኩ።»

ሂባቅ፣ ይህን ቃል ታውቂዋለሽ። ስንቱ ተለማማጅ በዚህ ቃል ጆሮው ተቆንጥጧል? «ያላየኸውን አትቁረጥ!» የኮት ገበር ከጨርቁ ጋር ሲጣበቅ በኪስ ቀዳዳ መቀስ የሚሰድ ሰው ልብስ ሰፊ አይባልም፤ ኮት ገዳይ ነው። ስፌቱን ትተረትራለህ፣ ትዘረጋለህ፣ ታያለህ፣ ከዚያ ትቆርጣለህ። እኔ ዕድሜ ልኬን ስለ ጨርቅ የጮህኩትን እሷ በሥጋዬ ላይ አደረገችው። ፊቴን መለስኩና «ሰላም ነሽ ወይ፣ ልጄ?» አልኳት።

ፋሻው ሲነሳ ስፌቷን መረመርኩት። እኩል ነው፣ አልተጨማደደም። እኔ ብሆን ጫፉ ላይ ጠበቅ አደርገው ነበር፤ ነገርኳትም። «ተቀድመዋል፣ አባባ፤ ሰፍቼ ጨርሻለሁ» አለችኝ። ምላሷም እንደ እጇ ነው።

ያንቺንም ነገር ጠይቄያታለሁ። አብዛኛው ሰው በቀዳዳዎቹ ብቻ ይጨርሳል አለች። ቢከፍቱም እንዳይሳሳቱ ብለው እንጂ ሙያ አንሷቸው አይደለም። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ ከቆየና ከረጢቱ ከተቆጣ ግን መጣበቁ ይብሳል። ስለዚህ ነገ ሄደሽ ቀጠሮሽን መልሺ። ሣህሉ፣ «ትእዛዝ ነው» ብለህ ጻፍ። «እባክሽ» ልጨምርበት ይላል። አትጨምር።

እሺ፣ ጨምር።

እኔ ደህና ነኝ። አያመኝም። ቅባት ተከልክያለሁ፤ እናትሽ ቅቤ የጠገበ ፈትራ ጋግራ ለጎረቤት ትሰጥና ሽታውን ለእኔ ትተዋለች። ዶክተሯ እንዳለችኝ የስፌት መኪናዬን ሲንጀሬን አልነካም፣ ተኝቼ ነው የምውለው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሾፌር አንድ ድሪያ ቀሚስም ይዟል። ከሐኪም ቤት ስትወጪ ትለብሽዋለሽ። ሰፊ ነው፣ ወገቡ ላይ ምንም ስፌት የለውም። በቀኝ ጎድን በኩል ከውስጥ ለስላሳ የጥጥ ገበር ሰፍቼበታለሁ። ሲስቁም ሲያስሉም እዚያ ጋ ይወጋል፤ ክር ሲነካው ደግሞ ይብሳል።

ሣህሉ ብዕሩን አስቀምጦ ይስቃል። «ሲንጀር አልነካም አላልክም?» ይለኛል። የምልህን ጻፍ፣ ሰውዬ!

አላህ ጠጠርሽን በቁልፍ ቀዳዳ ያውጣልሽ። መክፈት ግድ ከሆነም ዓይናቸውን ያብራ፣ እጃቸውን ያጽና። ከዚያ በድሪያሽ ሆነሽ ደውዪልኝ፤ ያኔ ካሜራውን እከፍታለሁ።

አባትሽ ዮኒስ ልብስ ሰፊው

በል ሣህሉ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። «አያመኝም» የሚለው ጋ ስትደርስ ሃሊሞ ጓዳ ሆና እንድትሰማ ጮክ በል። የድሪያው ጋ ስትደርስ ግን ድምፅህን ቀንስ።