ድሬሰሩ እጁን ያወጣ ዕለት

ይህች ወረቀት በጤና ታግኝዎት፣ አባባ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያምዎታል? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? መነጽሬን አደርጋለሁ ትላለች እንጂ መሳቢያ ውስጥ እንደሚውል አላጣሁትም። እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ግን አልደብቅዎትም፣ እሑድ እሑድ ይብስብኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎት ነገር ደስ አይልም፤ ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ነገሩ የድሬሰሩ ነው፣ ስንት ዘመን ቁስላችንን ሲያጥብ ኖሮ በእርስዎ ምስክርነት ምክር ቤት የገባው ወዳጅዎ። በምርጫው ጊዜ እርስዎ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በሽተኛ ያመጣለትን ማር እንኳ የሚመልስ ሰው ነው ይሉ ነበር። እውነትም ነበር።

እዚህ ምክር ቤቱ መግቢያ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያለው መዝገብ ነበር። አባላቱ ከማን ምን ስጦታ እንደተቀበሉ ይጽፉበታል፣ የፈለገ ሰው ገልጦ ያነበዋል። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች በሚባለው የመጨረሻ አጀንዳ ላይ፣ መዝገቡን ከእንግዲህ አፈ ጉባኤው ብቻ ይየው የሚል ማሻሻያ ቀረበ። ውይይቱ አሥር ደቂቃ አልሞላም። እጅ አውጡ ሲባል ሠላሳ አንድ እጅ ወጣ፤ ማሻሻያው ጸደቀ። አብራኝ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ባልደረባዬ፣ ይህን ያህል እጅ ባንዴ ሲወጣ ያየሁት ለሻይ እንውጣ ሲባል ብቻ ነው አለችኝ። እኛ ጸሐፊዎቹ ረድፍ ተከፋፍለን እጅ ያወጣውን ሁሉ በስም እንመዘግባለን። የእኔ ድርሻ ሦስተኛው ረድፍ ነው። ድሬሰሩ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ሳያቅማማ እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። እንደ ልማዱ ልጄ ብሎ ስለ ጉልበትዎ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስልክ ሊያነጋግር ወጥቶ ነበር ብለሽ አስተካክይው፣ ለመራጩ ማስረዳት ይቸግረኛል አለኝ። አልዋሽዎትም አባባ፣ ስሙን ሰረዝኩት። የፈላ ውኃ ክንዴን ያቃጠለኝ ጊዜ ስንት ቀን ቤታችን እየተመላለሰ እንዳከመኝ ትዝ ብሎኝ፣ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን የሰረዝኩትን መልሼ አነበብኩት። ከሰዓት በኋላ ስሙን ቦታው መልሼ ኃላፊዬን አስፈረምኩ፤ ለድሬሰሩም ሄጄ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም። ይሄ ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ።

በሚቀጥለው ወር መራጮቹን ሊያነጋግር ወደ እናንተ ይመጣል። ወጥቼ ነበር ማለቱ አይቀርም። ቃለ ጉባኤውን ጠይቆ መውሰድ የማንኛውም መራጭ መብት ነው፤ እኔ ግን እዚህ ፖስታ ውስጥ ሸጉጬ ብልክልዎ ደንብ በመጣስ ከእነሱ በምን እሻላለሁ? እርስዎ በስምዎ ማመልከቻ ይጻፉ፤ በሳምንቱ ማኅተም ተደርጎበት ይደርስዎታል። ስብሰባው ላይም የመጀመሪያውን ጥያቄ እርስዎ ይጠይቁት። ለምን እጅህን አወጣህ፣ መዝገቡስ መቼ ቦታው ይመለሳል ይበሉት። ስድብ አያስፈልግም። በአፌ መስክሬለት አሁን ምን ብዬ ብለው አንገትዎን እንዳይደፉ ፈርቻለሁ። ሰው ድምፁን የሰጠው እርስዎን አምኖ ነው፤ እርስዎ ዝም ካሉ ሌላውም እርስዎን አፍሮ ዝም ይላል።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ወንድሜን ስብሰባው ላይ ቱግ እንዳይል አደራ ይበሉት፣ የእሱ ቁጣ ጥያቄውን ያስረሳል። አክስቴን፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል ይበሏት፤ እጅጌው ትንሽ ቢረዝምም እንዳይነግሯት። ለድሬሰሩ ባለቤትም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሲሄዱ በር ላይ ቆመው አይመለሱ፣ ገብተው ይቀመጡ። እሷ እጅ አላወጣችም።

ልጅዎ
ከምክር ቤቱ የቃለ ጉባኤ ክፍል
ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን