ያቺ ጎማ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬም ያቺን ጎማ ገጨኋት። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ድሪፍት፣ ማለትም መኪናን እያንሸራተቱ መንዳት፣ የምማረው ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። አስተማሪዬ ጋሽ ቶሎሳ መሬቱን ውሃ ያስረጫሉ፤ መኪናዋ በዝግታ እየሄደችም ኋላዋ እንዲንሸራተት ነው። መሃል ላይ አሮጌ ጎማ አስቀምጠዋል። እሷን ሳልነካ ዙሪያዋን እየተንሸራተትኩ መዞር አለብኝ። ሄልሜቱም ቀበቶውም አለ። የጠፋው የእኔ ችሎታ ነው።

"ሱታ! ሱታ!" ይሉኛል ከጎኔ ተቀምጠው፣ ቀስ በይ ለማለት። "ጎማዋን አትያት! መኪና የሚሄደው ዓይን ወዳየበት ነው። መውጫሽን እይ።"

አውቃለሁ! በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን የመኪናዋ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ዓይኔ ሄዶ እዚያች ጎማ ላይ ይተከላል፣ እጄም ዓይኔን ተከትሎ መሪውን ያዞራል። መኪናዋ ደግሞ የወንድሜ ናት። "ጭረት ካየሁባት ቁልፉን እቀበልሻለሁ" ብሎኛል። ዛሬ የፊቱ ፓራውልት ተጫጭሯል። ምን እንደምለው እንጃ።

በመጨረሻ ጋሽ ቶሎሳ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ወርደው ጎማዋን አነሷትና ሜዳው ዳር ጣሏት። ተመልሰው ገቡና "በይ አሁን ዙሪ" አሉኝ።

ዞርኩ። ሜዳው ባዶ ነው፤ የሚገጭ ነገር የለም። መኪናዋ ተንሸራተተችና ጎማዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ አለፈች።

ጋሽ ቶሎሳ ሄልሜታቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አሁን ደግሞ ምን ላንሳልሽ?"