ያገለገለ ካሜራና የእማማ አስቴር ፎቶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018

ዛሬም እምቢ አለኝ። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ አሞራ ከሐይቁ ዳር ቆሟል፣ እኔ ስልኬን ዘርግቼ ባቀርበው ባቀርበው ወፍ መሆኑ ቀርቶ የተቃጠለ ማገዶ መሰለ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሄድኩት ለማቴዎስ ዓሣ ልገዛ ብዬ ነው። ዓሣውን ረሳሁት። ባዶ ፌስታል ይዤ ስገባ ባሌ እኔን አየ፣ ፌስታሉን አየ፣ ምንም አላለም። ማቴዎስን የምፈራው ዝም ሲል ነው።

በዚህ ዕድሜዬ ምን ነካኝ? ፎቶ የጀመርኩት ለሱቄ ነበር፤ የሕፃናት ልብሶቹን ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ። ከዚያ ልብሱን ትቼ ልብሱ ላይ ያረፈውን ፀሐይ ማንሳት ጀመርኩ። ደንበኛ «ይቺ ቀሚስ ስንት ናት?» ሲል የትኛዋን እንደሚል አላውቅም፣ ጥላዋን ነው ያነሳሁት። አሁን ደግሞ ወፍ።

ወደ ማታ ጎረቤቴ እማማ አስቴር በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። የሐሞት ጠጠር ነው ተብለዋል። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው መጥቶ እሑድ ይወስዳቸዋል፣ እዚያ ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሐኪሙም አደጋ እንዳለው በግልጽ ነግሯቸዋል።

«ወርቄ፣ ደህና አድርገሽ አንሺኝ» አሉኝ።

ምነው ስላቸው መታወቂያቸውን ከመሐረብ ፈተው አሳዩኝ። «እይው እስቲ። የበግ ሌባ አልመስልም? ይህን አሳድገው ሬሳዬ ፊት ቢያቆሙት ለቀስተኛው የሚመለሰው አልቅሶ ነው ስቆ?»

ሳቅኩኝ፣ ከዚያ አልሳቅኩም። እኛ ዘንድ የሰው ፎቶ የሚፈለገው ሲሞት ነው። የእናቴም እንደዚያው፤ ከመታወቂያዋ ተነስቶ ሲያድግ ዓይኗ ጠፋ። ሳሎን ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ናት እላለሁ እንጂ እኔም ካልተነገረኝ አላውቃትም።

በስልኬ ሞከርኳቸው። መሽቷል፣ ፊታቸው እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ሆነ። «ቅዳሜ በደህና ካሜራ አነሳዎታለሁ» አልኩ። ካሜራ የለኝም። አፌ ነው ያለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ገበያ ያለው ጀማል ፎቶ ቤት ሄድኩ። ጀማል ያተማል፣ ያሳድጋል፣ ያገለገለ ካሜራም ይሸጣል። አዲሶቹን በመስታወት በኩል ብቻ አየኋቸው። እንኳን ዋጋቸው፣ ሳጥናቸው ያስፈራል።

ሁለት ያገለገሉ አወጣልኝ። አንደኛው ትልቅ፣ ሌንሱ የሚነቀል፣ የጋዜጠኛ የሚመስል። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ደስ አለኝ፣ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፣ ሌንሷ አይነቀልም፣ ግን ሩቁን ታቀርባለች። ዓይን የሚያስጠጉበት ቀዳዳም አላት።

ጀማል ትልቁን ነው ያመሰገነልኝ። «ይሄ የባለሙያ ነው፣ እትዬ።»

እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት የስልኬን መብራት ሌንሱ ውስጥ አበራሁበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ዘርግቷል። ሻጋታ ነው! ጀማል አንዴ አየው፣ አንዴ አየኝ፣ «ማን አስተማረዎት?» አለ። ከዚያ በኋላ ለትልቁ ምስጋና አላበዛም።

አልገዛሁም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ሳስብም ዋልኩ፤ አንድ ሹራብ ሁለቴ ለሁለት ሰው ልሸጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሐሳቤን የሚያምሰው ይህ ነው፦

ትልቁ ያምራል። ግን ሻጋታ አለው፣ ሌንስ ሌላ ልግዛለት ብል ሁለተኛ ካሜራ ነው። ትከሻዬንም አውቀዋለሁ፣ ቦርሳ እንኳ ያመኛል።

ትንሿ ቀላል ናት። ሲመሽ ግን ደካማ ናት አለኝ ጀማል።

ስክሪን ያለ መነጽር አይታየኝም። መነጽር ካደረግኩ ደግሞ ወፉ አይታየኝም። ትናንት የትንሿ ካሜራ ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን መዘውር ሳዞራት ግን ያለ መነጽር ሁሉም ጥርት አለ! የመንገዱ ማዶ ያለ ባጃጅ ላይ የተጻፈውን ጥቅስ አነበብኩ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ካየሁ።

ዕቁቤ ወጥቶልኛል፣ ማቴዎስ ደግሞ ፍሪጅ ይላል።

ከሰዓት የእማማ አስቴር ልጅ ትዕግሥት ሱቅ ድረስ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ነገሩን ሰምታለች። «እትዬ ወርቄ፣ አንቺን እንደ እህቴ ነው የማይሽ» አለችኝ፣ «እናቴ ላይ አታሟርቺብኝ። ለለቅሶ ተብሎ ፎቶ ይነሳል? ድና ስትመጣ ታነሻታለሽ።» እኔ ነኝ እንዴ ያልኩት? እሳቸው ናቸው። ይህን ግን አላልኳትም። ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል፣ ከእኔ ጋር አይደለም ጠቧ።

ማታ ለማቴዎስ ነገርኩት፣ ፍሪጁን ሳላነሳ። ራሱ አነሳው። «ግዢ፣ ግዴለም። ፍሪጁንም ብንገዛ አንቺ ዓሣ ረስተሽ ነው የምትመጪው፣ ምን እናስቀምጥበታለን?»

ሁለት ቀን ይዟት ነው የዋለው ይህችን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ትንሿን ገዛሁ። ተመስገን።

ዕቃዋ፦ ቻርጀር፣ አንድ ባትሪ፣ ማንጠልጠያ፣ የሌንስ ክዳን በክር የታሰረ። ካርድም መርቆልኛል፣ ውስጡ የድሮው ባለቤት ፎቶዎች አሉበት፣ ሲመችዎት ያጠፉታል ብሎ። ባትሪው ባዶ ስለሆነ ዛሬ አንድም አላነሳሁም። ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ስጠብቅ አመሸሁ። ማቴዎስ «እንቁላል ነው የምታስፈለፍይው?» አለኝ።

ትዕግሥት ነገ ለእናቷ መንገድ የሚሆን ስንቅ ልትገዛ ገበያ ትወጣለች። እማማ በአጥሩ በኩል ነገሩኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ልጃገረድ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ባትሪውን ሳስገባ ካሜራው ቀን አስገቢ አለኝ። ልብ ብዬ አስገባሁ፣ ፎቶዎቹ ቀናቸውን ይይዛሉ ብሎኛል ጀማል። 2018፣ ከዚያ ወር 02፣ ከዚያ ቀን። ሃያ ዘጠኝ ላይ ግን እምቢ! ከሃያ ስምንት ዘሎ ወደ አንድ ይመለሳል። ደጋግሜ ሞከርኩት። ያገለገለ ዕቃ እንዲህ ነው፣ አንድ ነገር አያጣም። 28 ላይ ተውኩት፣ አንድ ቀን ምን ያደርጋል።

እማማ አስቴር ከቤቱ ጀርባ አቮካዶው ሥር ወንበር አስወጥተው ጠበቁኝ። ነጭ ነጠላ፣ የዘመን መለወጫውን ቀሚስ። ግን ካሜራውን ሲያዩ ድርቅ አሉ። እጅ ጉልበት ላይ፣ ከንፈር ግጥም፣ ትንፋሽ የለም። እንደ መታወቂያው።

«ይተንፍሱ እንጂ እማማ» ብላቸው፣ «ስተነፍስ እንዳልንቀሳቀስ ነዋ» አሉ።

አነሳሁ፣ አነሳሁ። የበግ ሌባ ብቻ። ትንሽ ላርፍ ብዬ ክዳኑን ገጠምኩና ነጠላቸውን አስተካከልኩላቸው። ተመልሼ ዓይኔን ባስጠጋ ጨለማ። ካሜራው ሞተ ወይስ ዓይኔ ጠፋ? መዘውሩን አዞርኩ፣ ነካካሁ፣ ጸለይኩ።

«አንቺ» አሉ እማማ፣ «ክዳኑን አታነሺውም? ድስት እንኳ ሳይከፍቱት አይታይም።»

ከዚያ ራሳቸው ባሉት ሳቁ። ጠጠሩን ይዘው፣ ጎናቸውን ደግፈው፣ በሲዳምኛ አንድ ነገር እያሉ ሳቁ። የጎደለው ጥርሳቸው ታየ፣ ነጠላው ወረደ፣ ፀሐይዋም በቅጠሎቹ መሃል ገባች። ክዳኑን አንስቼ ያኔ ነው የተጫንኩት። ፎቶዋ ብልጭ ብላ ታየችኝ፣ ባትሪው አለቀ፣ ጠፋ።

ይበቃል። አይቻታለሁ። ደስታዬን የት ላድርገው!

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ገና ሳይነጋ ሄዱ። እማማ ከመኪናው መስኮት እጄን ያዙኝ፣ «ሌባዋን ጣያት፣ የምትስቀዋን አስቀሪ» አሉኝ በጆሮዬ። ትዕግሥትም አብራ ሄደች። አልሳመችኝም።

መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። ሰፈሩ በሙሉ፣ ትራንስፎርመሩ ነው ይላሉ። ባትሪው ባዶ፣ ካሜራው ድንጋይ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለ እማማ ጸለይኩ፣ እውነቱን ለመናገር ስለ ቻርጀሩም ጸለይኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የለም።

መብራት ስላልመጣ ካርዱን ብቻ ነቅዬ በጠዋት ጀማል ጋ ወሰድኩ። ፎቶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው። ሰርግ። አንዲት የማላውቃት ሙሽራ፣ ከላይ እስከ ታች። «መቼ ነው ያነሱት?» አለኝ። ቅዳሜ። የቅዳሜን ፈለገ፣ የለም። የዚህን ወር ፈለገ፣ የዘንድሮን በሙሉ ፈለገ፣ የለም። እኔ እኮ አይቻታለሁ ብለው፣ ታየች ማለት ካርዱ ያዛት ማለት አይደለም፣ ካርዱ አርጅቶ ይሆናል አለ። ሁሉንም አጥፍቶ ከሞከረው በኋላ ካልሠራ በሌላ እንደሚቀይርልኝ ነገረኝ። «ይተዉልኝና ነገ ይውሰዱት።» ተውኩለት። ምን ላድርገው።

አሁን ሱቄ ውስጥ ነኝ። እጄ ሥራ እምቢ አለ። እማማ ዛሬ ሆስፒታል ገብተዋል፣ ኦፕራሲዮኑ ረቡዕ ነው። እንደገና ላንሳ ብል እሳቸው የሉም። አንድ ነገር ቢሆኑ ያ የበግ ሌባ ነው የሚወጣው። ዓይናቸው ሳይቀር ይጠፋል፣ እንደ እናቴ። ትዕግሥትም በሟርት ታስበኛለች፣ ፎቶው በሌለበት።

ኅዳር 1 ብዬ ጻፍኩ ከላይ። ትናንት ሠላሳ ነበር። ጥቅምት ሠላሳ ነው። ወር ሁሉ ሠላሳ ነው፣ ከጳጉሜ በቀር። ታዲያ ካሜራው ሃያ ዘጠኝን ለምን እምቢ አለኝ? ሃያ ስምንት ላይ የሚያልቅ ወር የማን ነው?

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ጥግ ጥጉ ላይ የተጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች።

ፈረንጅ! ካሜራው ፈረንጅ ነው። የእነሱ ሁለተኛ ወር አጭሩ ነው። እኔ 2018 ስለው የራሱን 2018 ነው የያዘው። ስልኬ ላይ በየቀኑ የማየውን ምን ጋረደኝ? ጀማል ዘንድሮ ውስጥ ይፈልጋቸዋል፣ እማማ አስቴር የተቀመጡት ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት፣ ከሰርጉም በታች ነው!

ካርዱ እሱ ጋ ነው። አጠፋዋለሁ ብሏል። ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ።

ሱቁን ልዝጋ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ትናንት ስደርስ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቱ ለሶላት ሄዷል አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ በመስታወቱ አየሁ፤ ካርዷ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ እንደ ጥፍር ትንሽ። ጠፍታ ይሁን አትሁን ከውጭ አይታወቅም። ጀማል ቀስ እያለ መጣ። ምነው ሰውየው ሲራመድ እንዲህ ይዘገያል።

«አጠፋኸው?»

«ምኑን?» አለኝ። ወረፋው በዝቶበት ረስቶታል። መርሳቱን ባርኬለታለሁ።

2018 በፈረንጅ፣ ሁለተኛው ወር፣ ሃያ ስምንት፣ አልኩት። ወረደ፣ ወረደ፣ ሰርጉ አለቀ። ከዚያ አንዲት የበግ ሌባ፣ ሌላ የበግ ሌባ፣ ሌላም። መጨረሻ ላይ እማማ አስቴር ናቸው፣ ጎናቸውን ይዘው፣ ነጠላቸው ወርዶ፣ ዓይናቸው ቁልጭ ብሎ። አንድ እጃቸው ትንሽ ተቆርጧል፣ አግድም ማንሳት ነበረብኝ። ጀማል ጠጋ ብሎ አያት። «ሁለት ላትም፣ አንዷ ለእኔ ለማስታወቂያ» አለ። አይሆንም አልኩት።

ዛሬ ከሰዓት ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል። እንዴት ሆንኩ አሉኝ። ሲስቁ ነው ያነሳሁዎት አልኩና የቀኑን ነገር ነገርኳቸው፤ ካሜራው በራሱ ቁጥር ከስምንት ዓመት በፊት ነው የተነሱት እንደሚል።

ልሰናበታቸው ነበር። ደከማቸው መሰለኝ።

«ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከወሰድሽኝማ» አሉ፣ «ያኔ ጠጠር የለብኝ፤ ነገ ኦፕራሲዮን የሚያደርጉት ማንን ነው?»

ትዕግሥት ከጎን ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ስልኩን ተቀበለቻቸው። እትዬ ወርቄ፣ ለእኔም ላኪልኝ አለችኝ፣ ስልኬ ላይ ላደርጋት ነው፣ ለሌላ ነገር አይደለም። ለሌላ ነገር አይደለም አልኳት እኔም። ላክሁላት።

መብራት መጥቷል። ማቴዎስ ኮቱን ለብሶ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንሺኝ ማለት አፍሮ። የሞላውን ባትሪ ሳስገባ ካሜራው እንደገና ቀን ጠየቀኝ። ትክክለኛውን አሁን አውቀዋለሁ፣ ካላንደሩ ጥግ ላይ ተጽፏል።

መልሼ 2018፣ 02፣ 28 አልኩት። ነገ እማማ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጡ ሲሉኝ አስተካክለዋለሁ።