ስህተቴን መልሺልኝ

ውድ ማስመሪያ፣

ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ያለ ማስመሪያ አንዲት መስመር ስለማታሰምሪ ያወጣሁልሽ እኔ ነበርኩ። ቢያንስ እሱ የእኔ ነው።

ቅዳሜ፣ በድሮ ተማሪዎች መገናኛ ቀን፣ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ወደ ግቢያችን ሄድኩ። አንቺ አልመጣሽም።

መጀመሪያ ልጄን የሥነ ሕንፃ ክፍላችን ወሰድኳት። ተማሪ ሳለን አብረን የሠራነው የቤተ መጻሕፍት ሞዴል አሁንም መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ወይቧል፤ ከሥሩ የተጻፈው ስም ያንቺ ብቻ ነው። እናቴ ታማ ስሄድ ማቅረቡን ላንቺ ትቼ ነበር። ስመለስ «ለጊዜው ነው፣ ይስተካከላል» አልሽኝ። እኔም ለአንድ ቁራጭ ወረቀት ከጓደኛ አልጣላም ብዬ ዝም አልኩ።

ልጄ ግን የፈለገችው ስም ሳይሆን ደረጃውን ነበር። ታሪኩን እየሰማች ነው ያደገችው። የሕንፃው ልኬት አንድ ለመቶ ሆኖ ሳለ፣ እኔ እንቅልፍ እያንገላታኝ የመግቢያውን ደረጃ በአንድ ለሃያ፣ አምስት እጥፍ አግዝፌ ቆረጥኩት። ያወቅነው ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ነው። የካርቶኑን ሰውዬ ፊቱ ብናቆመው እርከኑ ወገቡ ላይ ደረሰ። አንቺ ከወንበር እስክትወድቂ ሳቅሽ።

«ይሄ ሰውዬ መጽሐፍ ሊያነብ ነው ወይስ ተራራ ሊወጣ?» አልሽ።

መምህራችንም አይቶ «ስታስረክቡ መሰላል ጨምሩበት» አለን።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ በስክሪን መጣሽ፤ ፊትሽ ግድግዳውን ሞልቶ።

«ያንን ደረጃ ሆን ብዬ ነው ያገዘፍኩት» አልሽ። «ሰው ወደ እውቀት ሲወጣ ትንሽነቱ እንዲሰማው። ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸው ሕንፃዎች ሁሉ የተወለዱት ከዚያ ደረጃ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያ መሰላል ጨምሩ ያለን መምህር ከሁሉም ቀድሞ ብድግ አለ።

ልጄ ዞራ አየችኝ። «እማዬ፣ ‹የእኔ ስህተት ነው› አላልሽኝም እንዴ?»

ድምጿ ውስጥ ጥርጣሬ ነበር። እናቷ ስታወራላት የኖረችው ተረት ይሆን እንዴ የሚል ጥርጣሬ።

«ተነሽና ተናገሪ እንጂ፣ አፍ የለሽም?» አለኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ።

ምን ብዬ? ያ ስህተት የእኔ ነው፣ መልሱልኝ ብዬ? ሰው ስህተቱን ለማስመለስ እጁን ሲያወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ልጄ ተነስታ ወጣች። ተከትለን ስንደርስ የሞዴሉ መስታወት ላይ ተደፍታለች።

«እማዬ፣ የደረጃውን የእጅ መደገፊያ ማን ሠራው?»

«እሷ ናት፣ ከቀጭን ሽቦ።»

«በትክክለኛው ልክ ነው የሠራችው። ቁመቱ ከአንዱ እርከን እንኳ አይበልጥም። ደረጃውን ሆን ብላ ካገዘፈችው፣ ሰዉ ምኑን ተደግፎ እንዲወጣ ነው?»

«በጥርሱ ነክሶ» አለ ባለቤቴ።

ሳቅን። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ አመነችኝ። የእኔ ሳቅ ግን መሐል ላይ ቀረ።

ስሜን ስትወስጂ ተውኩልሽ። ሕንፃዎችሽ ሲወደሱም ደስ ብሎኝ ያውቃል፣ እውነቴን ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ያ ቀን የሁለታችን ነበር። አሁን አንቺ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ትልቅ ነገር ያሰብሽበት ቀን ሆኗል። እኔ የለሁበትም። ከወንበር የወደቀችው ማስመሪያም የለችበትም፤ እኔ የምወዳት ደግሞ እሷን ነበር።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ክፍል ትገባለች። አንቺም በእንግዳ መምህርነት እንደምትመጪ ለተሰበሰበው ሁሉ ቃል ገብተሻል። እንግዲህ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ መደገፊያው ትጠይቅሻለች። እኔ ተይ አልላትም። የምትመልሺላትን ከወዲሁ አስቢበት።

እርከኑን የቆረጥኩት፣
እኔ